ዲፕሎማው ሌላ፣ ሥራው ሌላ

ባለፈው ዓመት ከአንድ ወዳጄ ቤት ለልጁ ምርቃት ግብዣ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። እንጀራው ተበልቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ሽማግሌዎችም መርቀው ካበቁ በኋላ፣ ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጎረቤት ዝግ ባለ ድምፅ ያዋዩኝ ጀመር። የእሳቸው ታላቅ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ ተቀብሏል፤ የሚውለው ግን ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ነው። «መምህር፣» አሉኝ፤ «እኔ ሁለት በሬ ሸጬ ያስተማርሁት ገንዘብ እንዲቆጥር ነውን? ገንዘብ መቁጠርማ ከእናቱ ጉሊት አጠገብ ቁጭ ብሎ በነጻ ይማረው አልነበረምን?»

እኔም በዚያ ሰዓት የሚያጽናና መልስ አላገኘሁም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ዝም አልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። እኒህ አባት የተናገሩት እንደ አዲስ ውርደት፣ እንደ ዛሬ ዘመን በሽታ አድርገው ነው። እውነት አዲስ ነውን? የመጀመሪያዎቹ ባለ ዲፕሎማዎቻችን በተማሩበት ሙያ ሠርተው ነበርን? ይህን ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ብዬ የጥቂቶቹን ሕይወት ተመለከትሁ፤ ያገኘሁትንም ለእናንተ ለወጣቶቹ አንባቢዎቼ እጽፋለሁ። ዓመታቱን የቈጠርሁት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ብዙዎቹ ዲፕሎማውን የተቀበሉት በባሕር ማዶ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን አቈጣጠር እያማታሁ አንባቢን እንዳላስቸግር ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ አገር የትምህርት ማዕረግ ከፈረንጅ ጋር አልመጣም። ድጓ ለመመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም ለማጥናት ወደ ጎንደር፣ ቅዳሴ ለማድላት ወደ ሰለልኩላ የሚሄደው ተማሪ፣ አኩፋዳውን ተሸክሞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ብዙ ዓመት ይደክም ነበር። ያ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ አንዱ መምህር ሆኖ ወንበር ይዘረጋል፤ አንዱ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ጸሐፊ ይሆናል፤ ብዙው ደግሞ ወደ አገሩ ተመልሶ በበሬ ያርሳል፤ እሑድና በዓል ሲደርስ ከማኅሌት ይቆማል። ስለዚህ «ተምሮ ያርሳል» ተብሎ የተነቀፈ ደብተራ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን በእንጦጦ ራጉኤል ካካበቱ በኋላ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደርሰዋል። የውጭ ጉዳይ ትምህርት የት ተማሩ ብሎ የጠየቀ የለም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶዎቹ እንምጣ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነገር ከሁሉ ይልቅ ስለሚደንቅ ከእሳቸው እጀምራለሁ።

ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ገና ትንሽ ሕፃን ነበሩ፤ በዚያ ሁከት ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እሱ ሲሞት ሌላ መኮንን ማርቲን የሚባል አሳደጋቸው። ስማቸውም ከሁለቱ ባለውለታዎች ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ወጡ፤ ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ የሐኪምነት ማዕረጋቸውን አጸኑና በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። የዓድዋ ድል በ1896 በዓለም ሲሰማ የአገራቸው ስም ልባቸውን ቀሰቀሰው፤ በ1899 አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ ጨርሶ ጠፍቷቸው ነበር። ዘመዶቻቸው በልጅነታቸው ከነበረባቸው ጠባሳ አወቋቸው ይባላል። እንግዲህ በዘመናዊ ትምህርት ሕክምናን የተማረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ይህ የራሱን ቋንቋ እንደ ገና ፊደል ቈጥሮ የተማረ ሰው ነው።

መጀመሪያ ላይ የተማሩትን ሠሩ። መጥተው ሕዝቡን አከሙ፤ ተመልሰው ወደ በርማ ሄዱ፤ ደግሞ በ1908 መጥተው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆኑ፤ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ ካከሟቸው አንዱ ነበሩ። በ1919 ከእንግሊዝ አገልግሎት ጡረታ ወጥተው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። የፍልውሃውን መታጠቢያ አሠሩ፤ በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ሆነው አስተዳደሩ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ፤ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ፤ በ1927 ስለ ጣና ግድብ ከአሜሪካ ኩባንያ ጋር ሊነጋገሩ ኒውዮርክ ድረስ ተላኩ፤ በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በ1935 ደግሞ ጦርነቱ ሊነሣ ሲል በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ዳኛ፣ የትምህርት ቤት አዛዥ፣ ገዥ፣ አምባሳደር! በዚህ ሁሉ ውስጥ የላሆርና የኤድንብራ ዲፕሎማ የት አለ?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማለት ይቻላል፤ ሁለቱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንደኛው፣ ጨርጨር በእሳቸው ጊዜ ለሌላው አገር አርአያ ይሆናል ተብሎ የታሰበ ግዛት ነበር፤ መንገድ ወጣ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ግብሩ እንዲስተካከል ተሞከረ፣ በዘመናዊ ትምህርት የወጡ ወጣቶችም በሥራው ገቡ። ሐኪም መጀመሪያ «የት ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት የሚያዝዘው። ከብዙ አገረ ገዥዎች ይህ ልማድ ይጎድል ነበር። ስለዚህ ትምህርታቸው በጨርጨር ውስጥ አልሠራም ለማለት አልደፍርም።

ሁለተኛው ግን መራር ነው። በ1918 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታት ጊዜ ሬሳ የሚቀብር ሰው እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ እነሱም የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ ገና አልተመለሱም። ይህ መቅሠፍት ከሆነ ገና 12 ዓመት ሳይሞላ፣ አገሪቱ ያሏትን ያንን ሐኪም ወስዳ ገዥ አደረገቻቸው። ሹመት ክብር ስለ ሆነ እሳቸውም ሆኑ ወዳጆቻቸው ተደስተው ይሆናል። በሽተኛውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ዲፕሎማ ከባለቤቱ በቀር ሌላ ባለ ዕዳ የሌለበት ይመስለናል፤ ነገር ግን በደጃፉ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ስለ ጨርጨር ከተነሣ አይቀር፣ ያው ግዛት ቀደም ብሎ የተሾመበት ሌላ ምሁርም በተማረው አልሠራም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ12 ዓመታቸው ከራስ መኰንን ጋር ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ሄደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። በአውሮፓም ደግሞ እርሻ ተማሩ። መድፍና ሞፈር፣ ሁለቱም ለአገራችን የሚያስፈልጉ ናቸው። ተመልሰው ግን ምን ሠሩ? በመጀመሪያ የጻፉት ቴአትር ነው፤ የእንስሶችን ተረት መስሎ የሹማምንትን ስንፍና የሚወቅሰው «ፋቡላ» የአማርኛ ቴአትር መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታይቶ ወዲያው ተከለከለ። ከዚያም ጨርጨርን ገዙ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ቀጥሎ በ1931 የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገው አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። መድፈኛው ሕግ አረቀቀ፤ ሕግ የተማረ ሰው በአገሩ አልነበረምና።

ደግነቱ ግን የእርሻው ትምህርት ጨርሶ አልጠፋም። ብዙ ዘመን በማዳጋስካር በስደት ኖረው ከተመለሱ በኋላ በጨርጨር በሂርና እርሻቸውን ይዘው ኖሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በተባለው ልብ ወለዳቸው ከፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት በአገሩ የሚገጥመውን ነገር የጻፉት፣ ከአባታቸው ቤት ካዩት ምን ያህሉን ቀድተው ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከጨርጨር ወደ ድሬዳዋ ጥቂት መንገድ ነው። ድሬዳዋ በ1902 የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የበቀለች ከተማ ናት፤ በባቡሩ ከጅቡቲ የሚመጣውም ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ዕቃ በእርስዋ ያልፍ ነበር። የጉምሩክ ሹሙ ነጋድራስ ይባል ነበር። በዚህች በአንዲት የጉምሩክ ወንበር ላይ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሁለት ከአውሮፓ የተማሩ ሰዎች ተቀምጠውባታል፤ አንዱ ሕክምና የተማረ፣ ሁለተኛው ሥዕል የተማረ!

ሕክምና የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 በዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በምጽዋ ከአንድ የጀርመን መርከብ ላይ ወጥተው ተደብቀው ሄዱ፤ በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ግን ቤተ መንግሥቱ የፈለገባቸው ቋንቋቸውን ነው፤ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። በኋላም የምድር ባቡሩ ተቈጣጣሪ፣ ከዚያ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም። በ1919 ገና በ33 ዓመታቸው ሞቱ። ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ በ1924 «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ መቀበል እንዴት ድህነትን እንደሚያበዛ ገልጸዋል። ይህን በዚያን ዘመን ከአፍሪቃ ምሁራን ብዙዎች አላሰቡትም። እንግሊዞች እንኳ በ1995 ሎንዶን ላይ በቋንቋቸው ታትሞ ሊያነቡት ችለዋል።

ይህን ዕውቀት ከበርሊን የሕክምና አዳራሽ አመጡትን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በየቀኑ የቡናውንና የቆዳውን ጭነት ሲወርድ፣ አቡጀዲውንና መርፌውን ደግሞ ሲወጣ ማየት ሳይረዳቸው አልቀረም። ትምህርት ዓይን ይሰጣል፤ የሚያዩትን ነገር ግን የሚሰጠው የሥራው ቦታ ነው። ሐኪም ቤት ቢቀመጡ ኖሮ ብዙ ሕመምተኛ ያድኑ ነበር፤ ያንን መጽሐፍ ግን አናገኘውም ነበር። የትኛው ይሻል ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለመዳኘት እፈራለሁ። ልጅዋ ታሞባት ያደረች እናት ከእኔ ጋር አትስማማም።

ሥዕል የተማሩት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የዘጌ ሰው ናቸው። በ1887 ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ የሥዕል ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰው ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሣሉ። ስማቸው ግን ዛሬ በሥዕል አይነሣም። በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ አባት ሆነ። በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ፤ ነገዱ፤ በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሾሙ። መጨረሻቸው አያምርም፤ ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ከእሱ ጋር ተባብረው፣ ከነጻነት በኋላ ተግዘው ጅማ ላይ በ1947 ሞቱ። ይህን የማነሣው ሙት ለመውቀስ አይደለም። ቋንቋ ማወቅ፣ ብዕር መሳል፣ አገር ማየት ሰውን በትክክለኛው ወገን ያቆመዋል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር ይህን ታሪክ ያስብ ዘንድ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። በዚያን ዘመን መንግሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በደብዳቤ፣ በውልና በጉምሩክ ተጋጥሞ ሳለ የፈረንሳይኛ ወይም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያነብለት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲገኝ «ምን ተማርህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ታነባለህን?» ተብሎ ይሾማል። ሁለተኛም፣ ሰው የሚከበረው በሹመት እንጂ በእጅ ሙያ አልነበረም። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲያሽሟጥጥ የኖረ ሕዝብ፣ እጁን በደም የሚነክረውን ሐኪም ወይም ድንጋይ የሚፈልጠውን መሐንዲስ ከገዥው አስበልጦ ያከብራል ማለት ዘበት ነው። ሦስተኛም፣ ሐኪሙ ያለ ሐኪም ቤት፣ መሐንዲሱ ያለ መሣሪያ፣ ሠዓሊው ያለ ገዢ ምን ይሠራል? ዲፕሎማ ዘር ነው ቢባል፣ ያልታረሰ መሬት ላይ የወደቀ ዘር ነበር።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። በ1936 ማይጨው ላይ ጦራችን ከተፈታ በኋላ በነቀምቴ «ጥቁር አንበሳ» የተባለ የአርበኞች ማኅበር ተመሠረተ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች ነበሩበት፤ በሊቀ መንበርነት የመሩት ግን ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። ዶክተር ዓለመወርቅ በእንግሊዝ አገር የከብት ሕክምና የተማሩ ነበሩ። የከብት ሐኪም የአርበኞች መሪ ሆነ! ማኅበሩ የራሱን ደንብ ጻፈ፤ በደንቡም ውስጥ ገበሬን እንዳይበድሉ፣ ምርኮኛን እንዳያሠቃዩ የሚል ነበረበት። እህል ጠፍቶ ጦር ሲርበው ገበሬን መዝረፍ የተለመደ ነገር በነበረበት አገር እንዲህ ያለ ደንብ በወረቀት ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። መቼም ተምሮ ደንብ መጻፍ፣ ለደንብም መገዛት የለመደ ሰው ነው ይህን የሚያስበው።

የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም ከእነዚህ ጋር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የመጡ ናቸው። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣሊያኖች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲገድሉ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው በሎንዶን ሆነው ሰሙት። ጠላት አንዱን ከአንዱ ሳይለይ፣ ሐኪሙንም መሐንዲሱንም መምህሩንም በአንድ ላይ የገደለው፣ የተማሩት የትምህርት ዓይነት ስላስፈራው ይመስላችኋልን? መማራቸው ብቻ አስፈራው።

ዶክተር መላኩ በያንም እንደዚሁ ናቸው። ወደ አሜሪካ ሄደው በኦሃዮ ከተማሩ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1935 ተመረቁ። ጦርነቱ ሲጀመር በኦጋዴን ቁስለኛ አከሙ። ይህን ያህል ጊዜ ብቻ በሙያቸው ሠሩ። በ1936 ወደ አሜሪካ ተመልሰው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ ማስተባበር ጀመሩ፤ በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ጋዜጣ አወጡ፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ተናገሩ። በ1940 አገራቸው ነጻ ሳትወጣ በ40 ዓመታቸው አረፉ። ያን ያህል ዘመን የለፉበት ሕክምና ጥቂት ወር ብቻ አገለገለ። እኒህ ሰው ዲፕሎማቸውን አባከኑ የሚል ሰው ቢገኝ ከእሱ ጋር ለመከራከር ጊዜ አላጠፋም።

ከ1941 በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ፤ ብዙው በአባቶቻችሁ ትዝታ ውስጥ ያለ ነውና። ወጣቶች በብዛት ወደ ውጭ ተላኩ፤ የሚማሩትን የሚመርጥላቸው ብዙ ጊዜ መንግሥት ነበር። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 በ15 ዓመታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ እሳቸው ግን ልባቸው ሥዕል ላይ ነበርና ወደ ሥዕል ተዛወሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስተዋት ሥዕል ያየ ሰው ማዕድኑ በመቅረቱ የሚቈጭ አይመስለኝም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1959 የሕግ ትምህርት ጨርሰው ወደ ቴአትር ሄዱ። በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1961 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያን ጊዜ ተመራቂ እንደ ወርቅ ስለሚፈለግ፣ ታሪክ የተማረው ዳይሬክተር፣ ኬሚስትሪ የተማረው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን ማንም አይገረምም ነበር። በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል አደረገ፤ ሕግ የሚማረውም ምሕንድስና የሚማረውም ብዙው ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት ቆመ። በ1974 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ።

በተማሩበት የሠሩ አልነበሩምን? ነበሩ እንጂ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው መጥተው በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለእንዶድ ሰጡ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዶክተሩ ያዩትን ያዩት ከአጣቢዎቹ ሴቶች አጠገብ በመቆማቸው ነው። እንዶድን ለዘመናት ያወቁት እነዚያ ሴቶች ዲፕሎማ የላቸውም፤ ቀንድ አውጣው ለምን እንደ ሞተ መጠየቅ ግን ትምህርት ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። የጥንቱ ባለ ዲፕሎማ ከሙያው የወጣው እጅግ ስለ ተፈለገ ነበር፤ የዛሬው የሚወጣው ሥራ ስላጣ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ማታለል ይሆናል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ በ2008 ገደማ ከመቶው 70ው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ፤ ፋብሪካውና ቤተ ሙከራው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በከተሞቻችን ድንጋይ እየጠረበ መንገድ ያነጠፈ ባለ ዲግሪ አይተናል። በዋሺንግተን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ውስጥ በአገራቸው መሐንዲስ ወይም መምህር የነበሩ ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ነግሮ «አይዞህ፣ አንተም አምባሳደር ትሆናለህ» ማለት ስድብ ነው። ድንጋይ ጠረባ ነውር ስለ ሆነ አይደለም፤ ከላይ እንዳልሁት የእጅ ሥራን መናቅ ራሱ ከጥንት በሽታዎቻችን አንዱ ነው። ነገር ግን ሰው ለአራትና ለአምስት ዓመት የተማረውን እንዲረሳ ከተገደደ፣ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ያ የባንክ ልጅ ከአእምሮዬ አልጠፋም ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ አባቱ ቤት ሄጄ አገኘሁት። ከጓሮው ወሰደኝ። ከአጥሩ ሥር በአሮጌ ጣሳና በተቀደደ ጆንያ አፈር ሞልቶ፣ ስድስት ዓይነት የጎመንና የቃሪያ ችግኝ አፍልቷል፤ የእያንዳንዱን የተዘራበትን ቀንና ውኃ የጠጣበትን መጠን በባንኩ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ይዟል። እናቱ ከጉሊትዋ ለሚገዙ ሴቶች ችግኙን ትሸጥላቸዋለች። «ዘመዶችዋ ባሉበት ወረዳ ቃሪያውን የሚያጠወልግ በሽታ ገብቷል፤» አለኝ፤ «በዕረፍቴ ሄጄ ልየው እፈልጋለሁ፤ የዕረፍት ፈቃድ ግን እስከ ሰኔ የለም።»

አባቱ ከበሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ነበር። እኔም ቀና ብዬ «አዩ፣ ጌታው፣ ዲግሪው እኮ ከጓሮዎ አለ» አልኋቸው። እሳቸው ግን አልሣቁም። «እኔ የማውቀው» አሉኝ፤ «ያ ቃሪያ እስከ ሰኔ እንደማይቆይ ነው።»